እንግዳ በዓል በባለቤቱ ቤት፦ የምዕራባውያን በዓላት የጃፓን ጉዞ

በዓል አንድ ማኅበረሰብ ከተራው ቀን ለይቶ ምግቡንና ልብሱን፣ ስጦታውንና ዝምድናውን፣ እምነቱንና ትዝታውን በአንድ ማዕድ ላይ የሚያቀርብበት ዕለት ነው። ስለዚህ በዓል ከአንድ አገር ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ሲሻገር አብሮት የሚሻገረው ነገር ብዙ ነው፤ ሳይሻገር መንገድ ላይ የሚቀረውም እንዲሁ ብዙ ነው። በዚህ መሻገር ላይ ሰዎች የሚሰጡት ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ሲሆን፣ አንዱ ወገን የመጣውን በዓል የባህል ወረራ ብሎ ይኮንነዋል፣ ሌላው ወገን ደግሞ የዘመናዊነት ምልክት አድርጎ ያሞግሰዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን ተቀባዩን ሕዝብ የተቀዳለትን ሁሉ የሚይዝ ባዶ እንስራ አድርገው ስለሚቆጥሩት በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ። የዚህ ዲስኩር ጭብጥ የመጣን በዓል መልክ የሚወስነው ተቀባዩ ሕዝብ መሆኑን ማሳየት ነው፤ ለዚህም ከክርስትና ውጭ ሆና የክርስቲያን አገሮችን በዓላት ከማንም በላይ በገዛ እጇ የቀረጸችው ጃፓን ጥሩ ምስክር ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ ከኢትዮጵያ በዓላትና አጽዋማት ቀናት በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የባህል አጥኚዎች አንድ ልማድ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚተላለፍበትን ሂደት የባህል ሥርጭት ይሉታል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አልፍሬድ ክሮበር በ1940 ከዚህ ሂደት ውስጥ አንዱን ዓይነት ለይቶ ቀስቃሽ ሥርጭት ብሎ የጠራው ሲሆን፣ ትርጓሜውም ተቀባዩ ወገን ነገሩን እንዳለ ሳይወስድ ሐሳቡን ብቻ ወስዶ በራሱ ዕቃ የሚሠራበት ሁኔታ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ ሌቪ-ስትሮስ ይህን ሐሳብ በ1952 በበዓል ላይ ሠርቶበታል። ምክንያት የሆነው ድርጊት የተፈጸመው ታኅሣሥ 23 ቀን 1951 ዲዦን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ የጎረፈው የገና አከባበር ያስቆጣቸው የቤተ ክህነት ሰዎች የገና አባትን ምስል በካቴድራሉ ደጃፍ፣ በብዙ ሕፃናት ፊት አቃጥለውት ነበር። ሌቪ-ስትሮስ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ከውጭ የመጣው ልማድ ሥር የሰደደው በተቀባዩ አገር ውስጥ አስቀድሞ ተዳፍኖ የነበረን ነገር ስለ ቀሰቀሰ ነው የሚል ነበር። በሐበሻ ማድ ቤት አነጋገር፣ የመጣው በዓል እርሾ ነው፤ እርሾ ሊጡን ያቦካዋል እንጂ ጤፉን ስንዴ አያደርገውም።

ጃፓን ከክርስቲያን በዓላት ጋር የተዋወቀችው ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 ካጎሺማ በገባበት ዘመን ነው። ትውውቁ ግን ብዙ አልዘለቀም፤ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት በ1614 ክርስትናን በመላው አገሪቱ ከለከለ፣ ከ1637 እስከ 1638 የተካሄደው የሺማባራ ዐመፅ ከተደመሰሰ በኋላም ክልከላው እጅግ ጠነከረ። በናጋሳኪ አካባቢ የሚኖሩ የተደበቁ ክርስቲያኖች ካህን ሳይኖራቸው ጸሎታቸውን በቃል እያስተላለፉ፣ የልደትን በዓል በክረምቱ ረጅም ሌሊት አካባቢ በምስጢር እያሰቡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆዩ። መጋቢት 17 ቀን 1865 ከእነዚህ ሰዎች ጥቂቶቹ በናጋሳኪ አዲስ ወደ ተሠራው ወደ ኦኡራ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ለፈረንሳዊው ካህን ለበርናር ፐቲዣን እምነታቸውን ገለጡ። ዛሬ የጃፓን ክርስቲያኖች ቁጥር ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው። ይህ ታሪክ ሊታወስ የሚገባው ጃፓን ሁለት ገናዎችን ስላየች ነው፤ አንደኛው መብራትም ገበያም ሳይኖረው በእምነት ብቻ የኖረ ገና ሲሆን፣ ሁለተኛው እምነቱ ሳይኖር በመብራትና በገበያ የደመቀ ገና ነው።

ሁለተኛው ገና በር ያገኘው በዘመን አቆጣጠር ለውጥ ነው። የሜይጂ መንግሥት አገሪቱን በምዕራባውያን ሥርዓት መልሶ ሲያደራጅ፣ በጨረቃና በፀሐይ ይሰላ የነበረውን ነባር አቆጣጠር ትቶ ከጥር 1 ቀን 1873 ጀምሮ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ሥራ ላይ አዋለ፤ በዚያው ዓመት ክርስትናን የሚከለክሉት ሰሌዳዎችም ከየአደባባዩ ተነሡ። በዚህ ለውጥ የጃፓን አዲስ ዓመት ወደ ምዕራባውያኑ ቀን ተዛወረ፣ ነገር ግን ከቀኑ በስተቀር የተዛወረ ነገር አልነበረም። የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ደወል በዋዜማው ሌሊት 108 ጊዜ ይደወላል፣ ቤተሰብ ዓመቱን የሚሸኘውን ሶባ የተባለ ረጅም ኑድል ይመገባል፣ ልጆች በትንሽ ፖስታ የታሸገ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ሰው ሁሉ በዓመቱ የመጀመሪያ ቀናት ወደ መቅደስ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠሯን ጠብቃ መስከረም 1ን ስታከብር ጃፓን አቆጣጠሯን ለወጠች፤ ሆኖም የአዲስ ዓመቷ ማዕድ ጃፓናዊ ሆኖ ቀረ። የተለወጠው ቀን ያስከተለው ውጤት ግን ቀላል አልነበረም፣ ምክንያቱም ታኅሣሥ 25 ከአዲስ ዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ቀድሞ በመገኘቱ፣ ሰው ሁሉ ስጦታ በሚለዋወጥበትና ዓመቱን በግብዣ በሚሸኝበት ወቅት መካከል ተተከለ።

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የቶኪዮው የጊንዛ ሰፈር መደብሮች ለገና መስኮታቸውን ማስጌጥ ጀመሩ፣ ጋዜጦችና የልጆች መጽሔቶችም የገና አባትን ሥዕል ያትሙ ነበር። ከዚህ በኋላ የመጣው አጋጣሚ ማንም ያላቀደው ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ታይሾ ታኅሣሥ 25 ቀን 1926 ስላረፉ፣ ያ ቀን እስከ 1947 ድረስ የንጉሡ መታሰቢያ ሆኖ በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ዕለት ሆነ። ለሐዘን የተሰጠው የዕረፍት ቀን ለገና ግብዣ ፋታ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ የመታሰቢያው በዓል ሲቀር ታኅሣሥ 25 እንደገና የሥራ ቀን ሆነ፣ እስካሁንም የሥራ ቀን ነው፤ በዓሉም ከቀኑ ወደ ዋዜማው ምሽት፣ ከአደባባይ ወደ ቤት ገበታ ተሻገረ።

በዚያ ገበታ ላይ የሚቀመጠው የገና ኬክ ነገሩን ሁሉ በአንድ ሳህን ያሳያል። ኬኩ በአውሮፓ እንደሚታወቀው በደረቅ ፍራፍሬና በቅመም የከበደ አይደለም፤ እንደ ስፖንጅ የሳሳ፣ በነጭ ክሬም የተሸፈነ፣ በላዩ ላይ ቀያይ እንጆሪዎች የተደረደሩበትና ብዙ ጊዜም ከስኳር የተሠራ ትንሽ የገና አባት የቆመበት ነው። በ1910 በዮኮሃማ የተመሠረተው ፉጂያ የተባለው የኬክ ቤት ይህን ልማድ በማስፋፋት ስሙ ይነሣል። ቀይና ነጭ በጃፓን አንድ ላይ ሲሆኑ ኮሃኩ ይባላሉ፤ በሠርግና በደስታ ቀን በመጋረጃውም በምግቡም ላይ የሚታዩ የመልካም ምኞት ቀለማት ናቸውና፣ ኬኩን ላየ ጃፓናዊ ክሬሙና እንጆሪው ያለ ትርጓሜ ደስታን ይናገራሉ። ኬኩ የሚገዛው ሙሉውን ክብ ሆኖ ነው፣ የሚቆረሰውም በቤተሰቡ መካከል ነው፤ ስኳርና ቅቤ ብርቅ በነበሩበት ከጦርነቱ ማግሥት የነበረው ትውልድ ይህን ኬክ ቤቱ ማስገባቱን የችግር ዘመን የማለፉ ምልክት አድርጎ አይቶታል። የኬኩ ፍላጎት እርሻውን ሳይቀር ለውጧል፤ በተፈጥሮው በፀደይ ይደርስ የነበረው እንጆሪ በፕላስቲክ በተሸፈኑ ቤቶች ውስጥ እየለማ ለታኅሣሥ እንዲደርስ ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ኬክ ነው።

ከኬኩ አጠገብ የሚቀርበው የተጠበሰ ዶሮ የነጋዴውን ድርሻ ያሳያል። ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን የመጀመሪያ የጃፓን ምግብ ቤቱን በ1970 ናጎያ ላይ ከፈተ፤ በ1974 ደግሞ ገና ሲሆን ኬንታኪ ይበላል የሚል ትርጉም ባለው መፈክር አገር አቀፍ ማስታወቂያ አስነገረ። አሜሪካውያን ለበዓል የሚያቀርቡት ቱርክ የተባለው ትልቅ ወፍ በጃፓን ገበያ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም፣ ቢገኝም እሱን የሚችል ትልቅ የመጋገሪያ ምድጃ በአብዛኛው የጃፓን ቤት አልነበረም። በዚህ ክፍተት ውስጥ የገባው ዶሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፎ ዛሬ ቤተሰቦች ሳምንታት ቀድመው የሚያዙት፣ በዋዜማው ቀን በረጅም ሰልፍ የሚረከቡት የበዓል ምግብ ሆኗል፤ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የሚቆመው የኩባንያው መሥራች ሐውልትም ለወሩ የገና አባትን ልብስ ይለብሳል። ነጋዴው ይህን ልማድ ከባዶ አልፈጠረውም፤ የዓመቱን መጨረሻ በጋራ ማዕድ የሚሸኝ ሕዝብ የሚቀርብለትን ምግብ ሲጠብቅ አገኘውና ምግቡን አቀረበለት።

በ1980ዎቹ ኢኮኖሚው ሲያብብ ገና ሌላ መልክ ያዘ፤ የዋዜማው ምሽት የፍቅረኞች ምሽት ሆነ። በ1980 የወጣው የዩሚ ማትሱቶያ ዘፈንና በ1983 የወጣው የታትሱሮ ያማሺታ ዘፈን፣ በአሥርት ዓመቱ ማብቂያም በፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ተነፋፍቀው የሚገናኙ ወጣቶችን የሚያሳዩት የባቡር ኩባንያ ማስታወቂያዎች ይህን ስሜት በየቤቱ አስገቡት። የአዲስ ዓመቱ በዓል የቤተሰብና የወላጅ ቀን ስለነበረ፣ ወጣቶች የራሳቸው የሆነ ምሽት አልነበራቸውም፤ ገና ያንን ባዶ ቦታ ሞላላቸው። ነገር ግን የደመቀው በዓል ጥላም ነበረው። በዚያው ዘመን ከ25 ዓመት በላይ ሆና ያላገባችን ሴት የገና ኬክ ብሎ መጥራት ተለምዶ ነበር፤ ምክንያቱም ኬክ ከ25ኛው ቀን በኋላ ገዢ አያገኝም የሚል ጨካኝ ንጽጽር ስለተደረገ ነው። ከውጭ የመጣው በዓል የተቀባዩን ማኅበረሰብ ደግነት ብቻ ሳይሆን ጭቆናውንም በራሱ ቋንቋ እንዲናገር አድርጎታል፤ ዛሬ ሴቶች ዘግይተው በማግባታቸው ይህ አነጋገር ያረጀ ቢሆንም፣ የበዓል ምልክት ሰውን ለማቁሰልም እንደሚውል ማስታወሻ ነው።

ቫለንታይን የተባለው የየካቲት 14 በዓል ደግሞ የነባሩን ግዴታ ኃይል ያሳያል። ከሩሲያ በተሰደደ ቤተሰብ ስም የሚጠራው ሞሮዞፍ የተባለ የኮቤ ጣፋጭ ቤት በ1936 ለዚህ ቀን ቸኮሌት ስጦታ እንዲሆን በአንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ፤ ሜሪ የተባለው ቸኮሌት ሠሪም በ1958 በቶኪዮ በሚገኝ አንድ ትልቅ መደብር ሽያጭ ሲሞክር የገዛው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ልማዱ ሲሰፋ ግን በምዕራቡ ዓለም ካለው ፈጽሞ ተለየ፤ በጃፓን በዚያ ቀን ስጦታ ሰጪዋ ሴቷ ስትሆን ወንዱ ተቀባይ ነው። ለሚወዱት ሰው የሚሰጠው ቸኮሌት ሆንሜይ፣ ማለትም የእውነተኛው ልብ ቸኮሌት ይባላል፤ ለአለቃና ለሥራ ባልደረባ የሚሰጠው ደግሞ ጊሪ ይባላል። ጊሪ በጃፓን ሥነ ምግባር ውስጥ ሰው በቦታውና በዝምድናው ምክንያት የሚሸከመውን የማኅበራዊ ግዴታ ዕዳ የሚገልጽ ጥንታዊ ቃል ነው። አዲሱ ቸኮሌት በዚህ አሮጌ ቃል መጠራቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ስጦታ የተቀበለ ሰው በፈንታው መመለስ አለበት የሚለው ኦካኤሺ የተባለው ሕግ ስላለ፣ የየካቲቱ ስጦታ መልስ ያስፈልገው ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የፉኩኦካ አንድ ጣፋጭ ቤት ወንዶች ማርሽሜሎ በተባለው ጣፋጭ ብድራቸውን እንዲመልሱ ሐሳብ አቀረበ፤ የጣፋጭ አምራቾች ማኅበርም ሐሳቡን አስፍቶ መጋቢት 14ን ነጭ ቀን ብሎ ሰየመው፣ በ1980ም በአገር አቀፍ ደረጃ ተከበረ። ይህ በዓል በምዕራቡ ዓለም አይታወቅም፤ የጃፓን ልጅ ነው፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ኮሪያ ተሻግሯል። ኮሪያውያንም በተራቸው ሚያዝያ 14ን ጥቁር ቀን አድርገው፣ በሁለቱ በዓላት ስጦታ ያላገኙ ላጤዎች በጥቁር ወጥ የተለወሰ ኑድል አብረው የሚበሉበት ቀን ፈጠሩ። እርሾው ከአንዱ ሊጥ ወደ ሌላው እየተጨለፈ መሄዱን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። የግዴታው ሸክም ግን ሴት ሠራተኞችን አስመረረ፤ የቤልጂየሙ ቸኮሌት ኩባንያ ጎዲቫ በየካቲት 2018 በአንድ ትልቅ የጃፓን ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ የግዴታ ቸኮሌት መስጠት እንዲቀር ጥሪ ሲያደርግ፣ ሻጩ ራሱ አትግዙ እስከሚል ድረስ ነገሩ መክበዱን አሳይቷል።

ሃሎዊን የተባለው የጥቅምት 31 በዓል ደግሞ እንግዳ በዓል የተያዘ ወንበር ሲገጥመው የሚሆነውን ያመለክታል። ይህ በዓል በምዕራቡ ዓለም ሥሩ ከሙታን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጃፓናውያን ግን የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብለው የሚቀበሉበት፣ በአብዛኛው አካባቢ በነሐሴ አጋማሽ የሚውል ኦቦን የተባለ የራሳቸው በዓል ነበራቸው። ስለዚህ ሃሎዊን ሲገባ ሙታኑን ውጭ ትቶ አልባሳቱን ብቻ ይዞ ገባ፣ የሥዕል መጽሐፍና የፊልም ገጸ ባሕርያትን ልብስ ለብሶ ከመታየት የወጣቶች ልማድ ጋርም ተዋሐደ። የቶኪዮ ዲዝኒላንድ ከ1997 ጀምሮ በዓሉን በማዘጋጀት አስፋፋው፤ የሺቡያ መስቀለኛ መንገድም የወጣቶቹ መሰብሰቢያ ሆነ። ይህ በዓል ግን ሽማግሌም ሥርዓትም አልነበረውም። በ2018 በሺቡያ አንድ መኪና እስከ መገልበጥ የደረሰ ሁከት ተፈጠረ፣ በ2019 አካባቢው በበዓሉ ሰሞን መንገድ ላይ መጠጣትን ከለከለ። በጎረቤት ሴኡል በኢቴዎን ሰፈር ጥቅምት 29 ቀን 2022 በሃሎዊን ሰሞን መጨናነቅ 159 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በ2023 የሺቡያ ከንቲባ ሕዝቡ ለሃሎዊን ወደዚያ እንዳይመጣ በይፋ ለመኑ። አንድ ነባር በዓል ባለቤት አለው፤ ማን እንደሚመራ፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ ማን እንደሚጠነቀቅ የታወቀ ነው። ባለቤት ያላገኘ በዓል ደስታው ሲያልቅ የሚሰበስበው የለም።

ከእነዚህ ማስረጃዎች ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ እንግዳ በዓል የሚደላደለው በተቀባዩ ሕይወት ውስጥ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው፤ ገና ለወጣቶች የራሳቸውን ምሽት ሰጣቸው፣ ሃሎዊን ግን የሙታኑን ቦታ ተይዞ አገኘው። ሁለተኛው፣ ነጋዴው በሩን ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሠራም፤ የ1958ቱ ቸኮሌት ብዙ ሳይሸጥ የቀረው ማስታወቂያ ጎድሎት አልነበረም፣ ስጦታውን የሚሸከም ማኅበራዊ ልማድ ገና ስላላገኘው ነው። ሦስተኛው፣ የተቀባዩ ነባር ሕግ በመጨረሻ ያሸንፋል፤ ኦካኤሺ በየካቲቱ በዓል ላይ የመጋቢቱን በዓል ወለደበት። ታኅሣሥ 25 ሲመሽ በጃፓን ከተሞች የሚታየው ሥራ ይህን በአጭሩ ያሳያል፤ የመደብር ሠራተኞች የገናውን ዛፍና አብረቅራቂ ጌጥ በአንድ ሌሊት አውርደው፣ በማግሥቱ ጠዋት ከጥድና ከቀርከሃ የተሠራውን ካዶማትሱ የተባለ የአዲስ ዓመት ጌጥ በደጃፉ ያቆማሉ። እንግዳው ተስተናግዶ ይሸኛል፣ ባለቤቱም ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ አካባቢ በሚገኙ የአበባ እርሻዎች የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በየዓመቱ ከየካቲት 14 በፊት ባሉት ሳምንታት ለአውሮፓ ገበያ ጽጌረዳ ሲቆርጡና ሲያሽጉ ይከርማሉ፤ በአዲስ አበባም ያው ቀን የፍቅረኞች ቀን ተብሎ በቀይ ልብስና በአበባ ይከበራል። በረዶ በማይጥልበት ከተማ የገና ዛፍ ላይ በረዶ እንዲመስል ጥጥ ይበተናል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሁኔታ ከጃፓን በአንድ ዋና ነገር ይለያል፤ በጃፓን ገና ያገኘው ባዶ ቦታ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን የልደት በዓል ቦታ ከጥንት ጀምሮ የተያዘ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው የነቢያት ጾም፣ በላሊበላ ካህናቱ በገደሉ ጫፍና በግርጌው ቆመው የሚያቀርቡት ቤዛ ኩሉ የተባለ ዝማሬ፣ ሎሌና ጌታ ሳይለያዩ ሩር የሚማቱበት የገና ጨዋታ በዚያ ቦታ ላይ አሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ በየዓመቱ በልጆቻቸው ፊት ይጋፈጡታል፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ገና ስለሆነ፣ ልደት የሚከበርበት ታኅሣሥ 29 ቀን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወላጅ ወደ ሥራ የሚሄድበት ተራ ቀን ሆኖ እንዳይቀር መታገል ይኖርባቸዋል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ብሂል በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሌ ይጠቀሳል፣ እውነትነቱም ወርቁ እንደ ተዋሰ በሚለበስበት ጊዜ ነው። ጃፓናውያን ግን ወርቁን አቅልጠው በራሳቸው ቅርጽ ስለሠሩት አምሮባቸዋል፤ ያላቀለጡት ሃሎዊን ደግሞ ከብዷቸዋል። ስለዚህ ለሚመጣ በዓል ሁሉ የሚቀርቡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ በየትኛው ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ማን ይመራዋል፣ ወጪውንና ግዴታውን የሚሸከመው ማን ነው፣ ከእርሱ የተነሣስ የትኛው ነባር ነገር ይታጠፋል? የናጋሳኪ የተደበቁ ክርስቲያኖች አንድ በዓል ያለ ጌጥና ያለ ገበያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሊኖር እንደሚችል አስመስክረዋል፤ የኖረውም ወላጅ ለልጁ በቃል ስላስተላለፈው ነው።

የተከበራችሁ ታዳሚያን፣ በአንድ ቤት የገና ዛፍ መቆሙ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው በዚያ ቤት የሚያድገው ልጅ የገናን ዱላ ይዞ የማያውቅ፣ ሩር ምን እንደሆነም ያልሰማ ሲሆን ነው። ለመጪው ገና ከዛፉ በፊት ለልጆች ዱላው ይቆረጥላቸው፣ ሩሩም ይጠረብላቸው።